ለጮሌዋ ማርቸዲስ

ውድ 240 ዲ፣

ለመኪና ደብዳቤ ሲጻፍ አይቼ አላውቅም፤ ውለታ የዋለን ማመስገን ወግ ነው ተብዬ ግን አድጌያለሁ። ያንቺ ውለታ ደግሞ በሆድ ይዘውት የሚቀመጡት ዓይነት አልሆነልኝም። ደብዳቤውን አደባባይ ያወጣሁት እንዳንቺ ያለች መኪና ያላቸው ሰዎች እጅ እንዲገባ ስለምፈልግ ነው።

እኔ ወፍጮ ቤት ያደግሁ ሰው ነኝ። የአባቴ ወፍጮ በናፍታ ይሠራ ስለነበር ፊደል ሳልቆጥር የሞተርን ጤናና ሕመም በጆሮዬ መለየት ለመድሁ። አዲስ አበባ፣ በአንድ ጡረተኛ ግቢ ውስጥ ቆመሽ መቅረትሽን ሰምቼ ልገዛሽ በመጣሁ ዕለት፣ አብረውኝ የነበሩት ሰዎች ዓይናቸው ኮፈንሽ ጫፍ ላይ ካለው ኮከብ አልነቀል ብሎ ነበር። እኔ የጠበቅሁት ድምፅሽን ነው። አዲስ ባትሪ ተገጥሞልሽ፣ ካንዴሌታው ሞቆ፣ ሞተሪኖው ሲመታሽ ተነሣሽ። አራቱም ሲሊንደር እኩል ይመታ ነበር። ከዚያ በኋላ ስለ ዋጋ የተባለውን ሁሉ ብዙም አላስታውሰውም።

አርሲ ውስጥ ወዳለችው ጮሌ ይዤሽ ስመጣ የአገሩ ሰው የጠየቀኝ አንድ ነገር ነው፤ «ማርቸዲስ ለዚህ መንገድ?» ጥያቄው ያለ ምክንያት አልመጣም። ኮከብ ያለባት መኪና በአገራችን የሹም፣ የዲፕሎማትና የባለጸጋ ሆና ነው የኖረችው። አስፋልትና ዘበኛ ካለበት ርቃ፣ ገብስና ስንዴ በሚጭኑ አይሱዙዎች መሐል መቆሟ ለዓይን እንግዳ ነው። ክረምት ሲገባ ደግሞ የእኛ ደጋ ጭቃ ለማንም አይራራም። እኔ ለጠያቂዎቼ ብዙ አልመለስሁላቸውም፤ መልሱን አንቺው ሰጠሽልኝ።

ለማያውቁሽ ጥቂት ልንገራቸው። አንቺ የወጣሽበት የ123 ተከታታይ ሞዴል ለዓለም የታየው እ.ኤ.አ. በጥር 1976 ነው። ለ10 ዓመት ያህል ተመርቶ 2.7 ሚሊዮን ገደማ መኪና ወጥቶታል። ካንቺ በላይ ፈጣንና ውድ የሆኑ፣ ስድስት ሲሊንደር ቤንዚን የያዙ እህቶች አሉሽ። አንቺ 2.4 ሊትር ናፍታ፣ 72 የፈረስ ጉልበት፣ ባለ አራት ማርሽ በእጅ ነሽ። በጀርመን ታክሲ አድርገው ነድተውሻል፤ በሞሮኮ ከከተማ ከተማ የሚጓዙት ትላልቆቹ ታክሲዎች ለረጅም ዓመታት ያንቺው ዓይነት 240 ዲ ነበሩ። ታላቅ እህትሽ፣ ካንቺ በፊት የነበረችው 240 ዲ፣ በግሪኩ ባለታክሲ በግሪጎሪዮስ ሳኪኒዲስ እጅ 4.6 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ሄዳ እ.ኤ.አ. በ2004 ወደ ፋብሪካው ሙዚየም ተመልሳለች። ሰውዬው ሞተሩን እየቀያየረ፣ ያወጣውን እያደሰ መልሶ እየገጠመ ነው እዚያ ያደረሳት። ይህን ታሪክ የምወደው ለቁጥሩ ብዬ አይደለም፤ ያቺን መኪና ሙዚየም ያስገባት አንድ ሰው በየጊዜው ኮፈን መክፈቱ ስለሆነ ነው።

ኮፈንሽስ እንዴት ያለ ነው! ማጠፊያው ሲለቀቅ ቀጥ ብሎ ወደ ሰማይ ይቆማል። ሁለት ሰው ግራና ቀኝ ቆሞ፣ ጭንቅላቱን ምንም ሳይነካው ሊሠራ ይችላል። ፊልትሮው፣ ፖምፓው፣ ዳይናሞው፣ የዘይቱ መለኪያ፣ ሁሉም እጅ ከሚደርስበት ቦታ ተቀምጧል። እኔ ካንቺ ያየሁት ትልቁ ቅንጦት ይህ ነው። የሠሩሽ መሐንዲሶች አንድ ቀን የማያውቁት ሰው፣ በማያውቁት አገር፣ ካቻቢቴና ቁልፍ ይዞ በላይሽ ላይ እንደሚያጎነብስ አስበው ቦታ ተዉለት። በዚያ ሰው ስም አመሰግናቸዋለሁ።

አየሩን ታውቂዋለሽ። የአርሲዋ ከተማ አሰላ ከባሕር ወለል ከ2,400 ሜትር በላይ ነች፤ የእኛም አገር ደጋ ነው። ከፍታው በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር እንዳንቺ ያለ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ያህል ያጣል። 72ቱ ፈረስ ሽቅብ ወደ አርሲ ሲወጣ 55 ገደማ ሆኖ ይቀራል ማለት ነው። መጀመሪያ ያመጣሁሽ ጊዜ ዳገት ላይ ጥቁር ጭስ ትለቂ ነበር። አሰላ ያሉት መካኒካችን አንድ ጊዜ ብቻ ተመልክተው፣ «ልጄ፣ ይቺ አልታመመችም፤ የሚሰጣት ናፍታ ከምትስበው አየር በዝቶባት ነው» አሉኝ። አየሩ ስስ ስለሆነ ናፍታው ሙሉ በሙሉ አይቃጠልም፤ ያልተቃጠለው ጥላሸት ሆኖ በማርሚታው ይወጣል። ከዚያ ኖዝሎቹን አውጥተው አሳጠቡልኝ፤ የአየር ፊልትሮውን ቀየሩ፤ ፖምፓው ላይ የናፍታውን መጠን በጥቂቱ ቀነሱት። ጭሱ ጠፋ። ጉልበትሽም አልጎደለም፤ የወጣው ትርፉ ነበርና።

ቅዝቃዜውንም አብረን ተምረነዋል። በኅዳርና በታኅሣሥ ሜዳው ውርጭ ለብሶ ሲያድር ናፍታ ሞተር ማስነሣት ቀላል አይደለም። አንቺ የእሳት ብልጭታ የሚሰጥ ካንዴላ የለሽም፤ አየሩን 21 እጥፍ አፍነሽ በራሱ ሙቀት ነው ናፍታውን የምታቃጥዪው። በስስ አየር ላይ ብርድ ሲጨመርበት ሙቀቱ ይጎድላል። ስለዚህ ሲሊንደሩን አስቀድመው የሚያሞቁት አራቱ ካንዴሌታዎች በሙሉ ሊሠሩ ይገባል፤ አንዷ ከተቃጠለች ጠዋት ላይ በሦስት ሲሊንደር እየተንቀጠቀጥሽ ነው የምትነሺው። ቢጫዋ የካንዴሌታ መብራት እስክትጠፋ የምጠብቃት ያቺ አጭር ጊዜ ለእኔ የቀኔ መጀመሪያ ሆናለች። ችኩል ሰው ነበርሁ፤ አሁንም ነኝ፤ በዚያች ሰዓት ግን አልቸኩልም።

ቫልቭሽ የሚስተካከልበት ቀን ደግሞ ለእኔ በዓል ነው። ሞተሩ ሌሊቱን በርዶ ማደር አለበት። ክዳኑ ሲነሣ ውስጥሽ ይታያል፤ ዘይት የጠጣ ጥቁር ብረት፣ ስምንት ቫልቭ፣ መሐል ላይ የተዘረጋው ካም። ሁለት ባለ 14 ቁልፍ ያስፈልጋል፤ አንዱ ያግዳል፣ ሌላው ያዞራል። አየር በሚያስገባው ቫልቭ በኩል 0.10 ሚሊ ሜትር የሆነች የመለኪያ ብረት ትገባለች። ጭስ በሚያስወጣው በኩል ክፍተቱ ከዚያ ይሰፋል፤ እሳቱ ስለሚበዛበት ብረቱ ሲግል ይረዝማልና። መካኒኩ ብረቷን ስበው፣ «አሁን አንተ ሞክር» ይሉኛል። በጣት ሲሳብ መጠነኛ መያዝ ሊሰማ ይገባል፤ ከላላ ሞተሩ ይንኳኳል፣ ከጠበቀ ቫልቩ ሳይገጥም እየቀረ ይቃጠላል። ብዙ ሰው «ይቺ ማርቸዲስ ሞተሯ አልቋል፣ ጠዋት አትነሣም» እያለ የሚሸጣት መኪና የጎደላት ይህ ግማሽ ቀን የማይፈጅ ሥራ ብቻ ሊሆን ይችላል። የመጭመቅ ኃይሏ የደከመው ቫልቮቿ በደንብ ስለማይዘጉ ነው። ይህን ሳያስመረምሩ በሞተር አይፈረድም።

እኚህን መካኒክ አንቺም ብትሆኚ ታመሰግኛቸዋለሽ። ጋራዣቸው ትልቅ አይደለም፤ ግድግዳው ላይ በየመጠኑ የተሰቀለ ቁልፍ፣ በርሜል ላይ የተጋደመ ቴስታታ፣ ከደጅ ሁለት ሦስት ትራክተር። የአርሲ መካኒክ እጁን ያፍታታው በትራክተርና በኮምባይን ነው። በ1960 ዓ.ም. ገደማ በስዊድን እርዳታ አሰላ ላይ የተቋቋመው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፣ ካዱ፣ ለአገሩ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ አመጣ ሲባል እንሰማለን፤ የእርሻ መሣሪያውን ተከትሎ የመጣውን የመጠገን ሙያ ግን የሚያነሣው ሰው ጥቂት ነው። የናፍታ ፖምፓ ከፍቶ መልሶ መግጠም የሚችል እጅ በዚህ ደጋ የተገኘው ስንዴው ማሽን ስለሚፈልግ ነው። አንቺም የዚያ ሙያ ተጠቃሚ ነሽ። እኚህ ሰው አንቺን ገና ሳይነኩሽ እጃቸውን ይታጠቡ ነበር።

አንድ ጋራዥ ውስጥ የተባልሁትንም አልረሳውም። «ይህን ሞተር አውጥተን የቶዮታ እንግጠምልህ፣ መለዋወጫውም በየደጁ ነው» አሉኝ። ብዙ እህቶችሽ እንደዚያ ሆነዋል፤ ባለቤቶቻቸውን አልወቅስም፣ ሰው መንገድ ላይ መቆም ሰልችቶት የሚያደርገው ነው። እኔ ግን ሞተርሽ ወጥቶ ስምሽ ብቻ እንዲቀር አልፈለግሁም። መካኒካችን ነገሩን ሲሰሙ ቁልፋቸውን አስቀምጠው፣ «እኔ በሕይወት እያለሁ አይሆንም» አሉ። ፈጣሪ ዕድሜ ይስጣቸው።

ስለ ቫኩምሽም ላንሣ፤ ብዙ ሰው የሚደነግጥበት ነገር ነውና። ቁልፍሽ ሲዞር ሞተርሽ የሚጠፋው በኤሌክትሪክ ሳይሆን በቫኩም ነው፤ ቀጭን ቱቦ ፖምፓው ላይ ያለውን መዝጊያ ስባ ናፍታውን ትቆርጣለች። አንዲት የጎማ ማገናኛ ከተሰነጠቀች ቁልፉ ወጥቶ ኪስ ቢገባም ሞተሩ መሥራቱን ይቀጥላል። ገበያ ቀን ይህ ሲሆን ሕዝብ ተሰበሰበብን። የሠሩሽ ሰዎች ግን ይህም እንደሚመጣ አስበውታል፤ ኮፈኑ ሥር «ስቶፕ» የተባለች ትንሽ መጫኛ አለች። ከፍቼ ስጫናት ዝም አልሽ። ከሕዝቡ መሐል አንድ ልጅ «አሁን ለምን ጠፋች?» ብሎ ጠየቀኝና ቱቦዋን ከፖምፓው እስከ ቁልፉ ድረስ አብረን ተከተልናት። ያ ልጅ ዛሬም በራፌ ላይ ኮፈን ሲከፈት ካየ ሳይጠራ ይመጣል። እሱን ስላመጣሽልኝ አመሰግንሻለሁ።

አሁን ስላበጀሁልሽ ነገር ልናገር። አርሲ ፈረስ የሚከበርበት አገር ነው። ሰው ፈረሱን ሲሸልም ኮርቻውንና ልጓሙን ለፈረሱ ልክና ለሚሄድበት መንገድ ያበጃል፤ ጌጡ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እኔም አንቺን ያበጀሁሽ በዚያው ሥርዓት ነው። መጀመሪያ መንገዱ።

ሞላሽና ቦዲሽ በሚገናኙበት ቦታ የጎማ ቀለበት አለ። በየቀለበቱ ላይ ጉብታ ይታያል፤ ባለ አንድ ጉብታው 8 ሚሊ ሜትር ውፍረት አለው፣ ባለ ሁለቱ 13፣ ባለ ሦስቱ 18፣ ባለ አራቱ 23። ፋብሪካው እነዚህን ያዘጋጀው የመኪናው ከፍታ ግራና ቀኝ እኩል እንዲሆን ነው። እኛ ባለ አራቱን በአራቱም ማዕዘን አስገባንልሽ። ሞላው ከጎማው ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ስለሚቀመጥ እዚያ የተጨመረው ጥቂት ሚሊ ሜትር ጎማው ዘንድ ሲደርስ ይበዛል። ምንም ሳይቆረጥ፣ ምንም ሳይበየድ ከመሬት ከፍ አልሽ፤ ቀለበቱ ቢመለስ ነገ እንደነበርሽ ትሆኛለሽ። የጎማውን ነገር ሚኒባሶች ፈቱልን። ቸርኬሽ ባለ 14 ስለሆነ 185 አር 14 የሆነው የጭነት ጎማ ይገጥምልሻል፤ ከቀድሞው 175 ወፈር ከፍም ይላል፣ ጎኑ ጠንካራ ነው፣ ጎሚስታው ሁሉ ያውቀዋል። ከዘይት ቋትሽ ሥር ደግሞ አንድ የባቲላሜራ ባለሙያ ወፍራም ላሜራ ቀጥቅጦ በብሎን አሰረልሽ። ጠጠሩ እዚያ ሲመታ ውስጥ ሆኜ እሰማዋለሁ።

ጌጡ ከዚያ በኋላ መጣ። ወንበርሽ ፀሐይ ሰነጣጥቆት ነበር። የታፔሴሪያ ሠራተኛው ስፌቱን አንድ በአንድ ፈትቶ፣ የድሮውን ልብስ ራሱን ልክ አድርጎ አዲሱን ቆረጠበት። መሪሽን ያለበሰው ግን ኮርቻ ሰፊ ነው። የበሬ ቆዳ አለስልሶ፣ በሰም በታሸ ክር፣ ኮርቻ በሚሰፋበት ድርብ ስፌት ሰፋው። ስፌቱ የተቀመጠው በውስጥ በኩል፣ ጣት በማይፈትገው መስመር ላይ ነው። እንዲህ አድርግ ያለው ሰው የለም፤ የፈረስ ጀርባ እንዳይላጥ ሲጠነቀቅ የኖረ እጅ በራሱ አውቆት ነው። ዛሬ አንድ ሰው ወደ ውስጥ ገብቶ ሲቀመጥ መጀመሪያ እጁ የሚሄደው ወደዚያ ነው።

ያልነካሁትንም ልንገርሽ። ቀለምሽ የፋብሪካው ነው፤ ዝገት በነካው ቦታ ብቻ፣ በክሪኩ መግቢያና በባትሪው ማስቀመጫ ሥር፣ ተቆርጦ በአዲስ ላሜራ ተተክቷል። ስቱኮ ጭቃ ለጥፎ መቀባት ይቻል ነበር፤ በሁለት ክረምት ውስጥ ግን ከሥሩ ይበላል። ክሮምሽ፣ ፓራውልትሽ፣ ሰዓትሽ፣ ፍሬቻሽ እንደነበሩ ናቸው። ወጣት ጓደኞቼ መኪናቸውን ዝቅ አድርገው በሰማያዊ መብራት ያስጌጣሉ፤ ለመኪና ያላቸውን ፍቅር አከብራለሁ። በእኔ እምነት ግን ጥሩ ማበጀት መኪናዋ ለምትኖርበት አገር የሚመልሰው ነገር ሊኖረው ይገባል፤ በጭቃና በጠጠር አገር ዝቅ ማለት ለዓይን እንጂ ለመንገድ አይሆንም።

መንገድ ላይ መላ መምታት ደግሞ ከመኪና ጋር አብሮ የተወለደ ነው። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1888 በርታ ቤንዝ መኪናውን ለሠራው ለባሏ ለካርል ሳትነግረው ሁለት ልጆቿን ይዛ ከማንሃይም ወደ ፎርስሃይም 106 ኪሎ ሜትር ነዳች። በመኪና ረጅም መንገድ የሄደ ሰው ከዚያ በፊት አልነበረም። የነዳጁ መስመር ሲደፈን በባርኔጣዋ መርፌ ከፈተችው፤ ሽቦ ሲላጥ በካልሲዋ ማሰሪያ ጠቀለለችው፤ የእንጨቱ ፍሬን ሲያልቅ አንድ ጫማ ሰሪ ጋ ቆማ ቆዳ አስመታችበት። የመጀመሪያው የፍሬን ሸራ በጫማ ሰሪ እጅ የተሠራ ነበር ማለት ነው። ያ ጫማ ሰሪና የጮሌው ኮርቻ ሰፊ ቢገናኙ በቋንቋ ባይግባቡም በሥራ ይግባቡ ነበር።

ያንቺ አገርና የእኛ አገር ከተገናኙ ቆይተዋል። በነሐሴ 1985 ዓ.ም. በሽቱትጋርት፣ ማርቸዲስ በሚሠራበት ከተማ፣ የዓለም የአትሌቲክስ ሻምፒዮና ሲካሄድ የአሰላው ልጅ ኃይሌ ገብረሥላሴ በ10,000 ሜትር አሸነፈ። ዕድሜው ገና 20 ነበር። የዚያ ሻምፒዮና አሸናፊዎች ከወርቅ ሜዳሊያው ጋር የሚሸለሙት አንድ አንድ ማርቸዲስ መኪና ነበር። ትምህርት ቤት በሩጫ ይመላለስ የነበረ የአርሲ ገበሬ ልጅ በእግሩ ሮጦ መኪናዋን ከሠሪዎቿ ደጅ አሸንፎ ወሰደ። በዚያው ዓመት በከተማዋ አጠገብ በፌልባህ ኩባንያው ለአሮጌ መኪኖቹ ማዕከል ከፈተ፤ መለዋወጫና መረጃ እንዲቀጥል። ሁለቱ ነገሮች አይገናኙም፤ እኔ ግን ስለ 1985 ሳስብ ሁለቱንም አብሬ አስባለሁ።

መለዋወጫ ፍለጋው ራሱ ሰው ሰጥቶኛል። አዲስ አበባ፣ መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ሄዶ ያልፈለገ ሰው አሮጌ መኪና አለኝ አይበል። በር ብቻ የተደረደረበት አለ፤ ዳይናሞ ብቻ፣ ራዲያተር ብቻ። እዚያ ሻጮቹ ስም ሳይሆን ቁጥር ያነብባሉ፤ እኔም ከእነሱ ተማርሁ። ያንቺ ዕቃዎች ላይ ቁጥር ተቀርጿል። በ123 የሚጀምረው ለአንቺ ተብሎ የተሠራ ነው፤ በ616 የሚጀምረው ከሞተርሽ ነው፤ በ115 የሚጀምር ካገኘሁብሽ ከታላቅ እህትሽ የወረስሽው ነው ማለት ነው፤ ስለዚህ የእሷንም ዕቃ መፈለግ እችላለሁ። አንድ ሽማግሌ ነጋዴ የያዝሁትን የተሰበረ ዕቃ አገላብጠው ቁጥሩን አዩና፣ «ይሄ ከእኔ የለም፣ ሦስተኛው ሱቅ ጠይቅ፤ እሱ የሚልህን ከግማሽ በላይ እንዳትሰጠው» አሉኝ። እዚያ ያልተገኘው በዘመድ ሻንጣ ከጀርመን ይመጣል። ከልብስና ከሽቶ መሐል የመሪ ቡሽና የቫኩም ጎማ ለሚያስገቡልኝ ሁሉ እግዜር ይስጥልኝ።

ዘመኑ ለአንቺ ዓይነት መኪና ጠቦ መጥቷል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ከውጭ ማስገባትን እጅግ አስወደደው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። የኤሌክትሪክ መኪና መምጣቱን አልቃወምም፤ ነዳጅ በውጭ ምንዛሪ ለሚገዛ አገር ምክንያቱ ግልጽ ነው። ነገር ግን አንዴ የተሠራ፣ አገር ውስጥ የገባ፣ ሊጠገን የሚችል መኪና በጥንቃቄ ቢያዝ ብክነት አይመስለኝም። ኖዝሉ ንጹሕ፣ ፊልትሮው አዲስ፣ ቫልቩ በልኩ የሆነ ናፍታ ሞተር ዳገቱን ጥቁር ጭስ ሳይለቅ ይወጣል። ይህን የማስጠበቅ ግዴታ የባለቤቱ ነው፤ ቦሎ ለማግኘት ብቻ በዓመት አንድ ቀን የሚደረግ ነገር አይደለም።

የሠርጉን ነገር ሳላነሣ ብዘጋ ቅር ይለኛል። የጎረቤታችን ልጅ ስታገባ ሙሽሪትን እንድታመጪ ተጠየቅሁ። አጥበንሽ፣ ኮከብሽን አብሰን፣ አበባና ሪባን አሰርንልሽ። ከሙሽሪት ቤት ስንወጣ ፈረሰኞች ግራና ቀኝ ያዙን፤ እየዘፈኑ፣ አቧራውን እያስነሡ፣ አንዳንዴ ቀድመው እየዞሩ ይመለሱ ነበር። ሰው ሁሉ ሊያይ ይፈልጋልና ከአንደኛ ማርሽ አልወጣሁም። በቀትር ፀሐይ፣ በእግረኛ ፍጥነት፣ ያን ያህል ጊዜ ስትሄጂ የሙቀት መለኪያሽ ከመሐል ከፍ አላለም። ራዲያተርሽን ክረምቱ ሳይገባ አሳጥቤው ስለነበር ደስ አለኝ። የሙሽራዋ አያት ከኋላ ወንበር ሆነው መሪው ላይ ያለውን ስፌት ሲያዩ፣ ማን እንደሰፋው ስሙን ጠሩ። እጁን ለይተው አወቁት። ለኮርቻ ሰፊው ይህን ስነግረው ምንም አላለም፤ በማግስቱ ግን የማርሽሽን እጀታ ማልበሻ ቆዳ ይዞ መጣ፣ ገንዘብ አልቀበልም አለ።

እንግዲህ 240 ዲ፣ ያደረግሽልኝን ሁሉ ቆጥሬ አልጨርሰውም። መካኒኩን፣ ባቲላሜራውን፣ ታፔሴሪያውን፣ ኮርቻ ሰፊውን፣ የሶማሌ ተራውን ሽማግሌና ያን ጠያቂ ልጅ ያስተዋወቅሽኝ አንቺ ነሽ። አገሬን በሥራው ያወቅሁት ባንቺ በኩል ነው። አመሰግንሻለሁ።

ለእናንተም ለአንባቢዎች አንድ ልመና አለኝ። እንደዚህች ያለች ናፍታ መኪና ቆማ የቀረችባችሁ፣ ለብረት ወይም ለመለዋወጫ ከመሸጣችሁ በፊት የምታምኑትን መካኒክ ጥሩላት። ሞተሪኖ ከመምታታችሁ አስቀድሞ ሞተሯን ከፊት ባለው ብሎን በእጅ አዙሩት፤ የከረመውን ናፍታ አፍስሱና ፊልትሮዎቿን ቀይሩ፤ ዘይቷን ለውጡ፤ የፍሬን ጎማዎቿን ሳታዩ መንገድ አታውጧት። ቫልቮቿን ሳታስለኩ ሞተሯ አልቋል አትበሉ። የግድ የምትሸጡ ከሆነም ሊያስነሣት ለሚፈልግ ሰው ሽጡ። ሙያውን መማር የሚፈልግ ልጅ በአጠገባችሁ ካለ ደግሞ ኮፈኑ ሲከፈት ጥሩት፤ ቁልፉን ያቀብል፣ ይጠይቅ።

አክባሪሽ ባለቤትሽ፣
ጮሌ፣ አርሲ